ተርብ ነድፎት የወደቀ ባልደረባችን ሰኞ ይመለሳል፤ ምን አዘጋጅተን እንጠብቀው?

አረንጓዴ_ፎርማን፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሣር የምናጭድ፣ አጥር የምንከረክም፣ ዛፍ የምንገርዝ ቡድን ነን። ሰሞኑን አንዱ ባልደረባችን ቁጥቋጦ ሲከረክም ተርብ አንገቱን ነደፈው። "ምንም አይደል" ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ብዙም ሳይቆይ መዳፉንና ውስጥ እግሩን በላው፤ ጓንቱን አውልቆ ያክ ጀመር። ፊቱ ቀላ፣ ከንፈሩ አበጠ፣ ድምፁ ጎረነነ። ከዚያ "ዞረብኝ" አለና ቁጭ አለ። አምቡላንስ ደርሶ ጭኑን ሲወጉት ነው ነፍስ የዘራው። አሁን ደህና ነው፣ ተመስገን።

ሰኞ ሥራ ይገባል። የእርዳታ ሳጥናችንን ከፍቼ አየሁት። ፋሻ፣ ፕላስተር፣ አልኮል፣ መቀስ፣ የማሳከክ ቅባትና የአለርጂ ክኒን አለ። ኃላፊዎቹ "ክኒን አለ፣ ይበቃል" ይላሉ። እኔ ግን ያየሁት ነገር በክኒን የሚመለስ አልመሰለኝም። አንዳንድ ልጆች ደግሞ "ውጪ መሥራቱን ትቶ መጋዘን ይግባ" ይላሉ። እሱ ይህን አይፈልግም። ሥራውን ይወደዋል፣ ጎበዝም ነው።

የምታውቁ ንገሩኝ። ምን መድኃኒት ይኑረን? ማን ይያዘው? ማንስ ይውጋ?


ሲስተር_ድንገተኛ፦

ወንድሜ፣ የገመትከው ልክ ነው። ክኒኑ አይበቃም።

የባልደረባህ ሰውነት ከዚህ በፊት ተነድፎ መርዙን በጠላትነት መዝግቦታል። በድጋሚ ሲነደፍ ማስት ሴል የሚባሉት ሕዋሳት ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን ባንዴ ይለቃሉ። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽ ያፈሳሉ፣ ደም ግፊት ይወርዳል። የአየር ቧንቧው ይጠባል፣ ጉሮሮ ያብጣል። ይሄ ነው አናፊላክሲስ። ክኒኑ ከእነዚህ ሁሉ የሂስታሚንን በር ብቻ ነው የሚዘጋው። ያውም ሥራ እስኪጀምር ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሽፍታና ማሳከክ ያስታግሳል እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም፣ የወረደ ግፊት አያነሳም። በመርፌ የሚሰጠው አድሬናሊን የሚባለው መድኃኒት ግን የደም ሥሩን ያጠብቃል፣ የአየር ቧንቧውን ይከፍታል፣ እብጠቱን ይቀንሳል። በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚሠራው።

ሰዓቱን በደንብ አስቡት። ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአናፊላክሲስ የሞቱ ሰዎችን መዝገብ ያገላበጠ ጥናት ነበር። በነፍሳት ተነድፈው ከሞቱት መካከል ልብ ወይም ትንፋሽ እስኪቆም የነበረው መካከለኛ ጊዜ 15 ደቂቃ ነው። በምግብ ሲሆን 30 ነበር። እናንተ ደግሞ ከመንገድ ራቅ ብላችሁ ነው የምትሠሩት። አምቡላንስ በ15 ደቂቃ ይደርሳል ብላችሁ አትቁጠሩ። መድኃኒቱ እናንተው ጋር መሆን አለበት።

አወጋጉ ቀላል ነው። ብዕር መስሎ የተሠራው መርፌ አለ፤ ለዐዋቂ ብዙ ጊዜ 0.3 ሚሊግራም አድሬናሊን ይይዛል። የጭኑን መሃል፣ በውጪ በኩል ትወጋለህ። ሱሪ ማውለቅ አያስፈልግም፣ በልብሱ ላይ ይገባል። ብዕሩን ጭኑ ላይ ተጭናችሁ የምትቆዩበት ሰከንድ እንደ ብዕሩ ዓይነት ስለሚለያይ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቀድማችሁ አንብቡ። ከወጋችሁ በኋላ ወዲያው አምቡላንስ ጥሩ። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ሁለተኛውን ውጉት። ስለዚህ አንድ ብዕር አይበቃም፣ ሁለት ይሁን።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። እንዳታቆሙት! አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ። ትንፋሽ ካጠረው ቁጭ ይበል፣ እግሩ ግን የተዘረጋ ይሁን። ካስመለሰው ወይም ራሱን ከሳተ በጎኑ ይሁን። ነፍሰ ጡር ከሆነች በግራ ጎኗ። ግፊቱ የወረደን ሰው ደግፎ ወደ መኪና ማስኬድ፣ "ንፋስ ይምታው" ብሎ ማቆም አደገኛ ነው። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ባንዴ ይቀንስና ልቡ ባዶውን ይመታል። ደህና እያወራ ቆይቶ ብድግ ባለበት ቅጽበት የሞተ ሰው አለ።


ቀፎዬ፦

ንብ አናቢ ነኝ። ሲስተር ያለችውን ሁሉ እቀበላለሁ። ከኛ ሙያ ጥቂት ልጨምር።

ንብና ተርብ አንድ አይደሉም። የንብ መንደፊያ እንደ መንጠቆ ወደ ኋላ የታጠፈ ጥርስ አለው። ስትነድፍ ቆዳ ውስጥ ይቀራል፣ የመርዙም ከረጢት አብሮት ይቀራል። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ከረጢቱ ብቻውን ሲኮማተር፣ መርዙን ሲገፋ ይታያል። ንቧ ከሄደች በኋላም መውጋቱን አላቆመም ማለት ነው። አብዛኛው መርዝ በመጀመሪያዎቹ 20 እና 30 ሰከንዶች ይገባል። "በካርድ ግፋው እንጂ በጣት አትቆንጥጠው" የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ካርድ ስትፈልግ ሰከንዱ አለቀ! በጥፍርህም ይሁን በጣትህ፣ ብቻ ወዲያው አውጣው። ተርብ ግን መንደፊያዋን ይዛ ትሄዳለች፣ ደጋግማም ትነድፋለች። የሚነቀል ነገር ፈልጋችሁ ጊዜ አታጥፉ።

ሁለተኛው ነገር ሽታ ነው። ንብ ስትነድፍ የምትለቀው ኬሚካል አለ፣ ሽታው የበሰለ ሙዝ ይመስላል። ለሌሎቹ ንቦች "እዚህ ጋ ጠላት አለ" የሚል ጥሪ ነው። አንድ ከነደፈቻችሁ እዚያው ቆማችሁ አታጨብጭቡ፣ አትጨፍልቋት። ፊታችሁን ሸፍናችሁ ሩጡ። ወደ ቤት ወይም ወደ ተዘጋ መኪና ግቡ። ውኃ ውስጥ መዝለል አያዋጣም፣ ብቅ ስትሉ ይጠብቋችኋል።

ማጨጃ ማሽንና መጋዝ ደግሞ በንዝረቱ ጎጆውን ያስቆጣል። ተርብ መሬት ውስጥም ጎጆ ይሠራል። ማሽኑን ከማስነሳታችሁ በፊት ቦታውን በዓይን ዙሩት። ነፍሳት በአንድ ቀዳዳ ሲገቡና ሲወጡ ካያችሁ እዚያ ጎጆ አለ። ዝም ብላችሁ ብትቆሙ ምልልሱ ራሱ ይታያችኋል።

እኛ ጋር "ብዙ የተነደፈ ይለምዳል" ይባላል። ለብዙው ሰው እውነትነት አለው። ግን በዚህ ተማምናችሁ አለርጂ ያለበትን ሰው "ትለምደዋለህ" አትበሉት።


ሲስተር_ድንገተኛ፦

ቀፎዬ፣ ስለ መልመዱ ጥሩ አልክ። በብዛት የሚነደፉ አናቢዎች ላይ አለርጂው እያነሰ ይታያል። አልፎ አልፎ ብቻ የሚነደፉት ናቸው ይበልጥ የሚጎዱት። ነገር ግን መልመድ በሐኪም እጅ፣ በተለካ መርዝ እንጂ ሥራ ቦታ ላይ በዕድል አይሆንም።

ስለ ምልክቱም ልጨምር። ሰው ሁሉ ሽፍታ ይጠብቃል። ከ10 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑ የአናፊላክሲስ ታካሚዎች ላይ ግን ቆዳ ላይ ምንም አይታይም። ተነድፎ ሆዱን ከቆረጠው፣ ካስመለሰው፣ ድንገት ካላበው፣ "የሆነ ነገር ሊሆንብኝ ነው" ካለ፣ ወይም ራሱን ከሳተ ሽፍታ አትጠብቁ።


ሥራ_አስኪያጁ፦

እኔ በኃላፊነት ቦታ ነው ያለሁት፤ ስለዚህ ሌሎቻችሁ የማትፈሩትን እፈራለሁ። ሐኪም ያልሆነ ሠራተኛ ሌላውን ሰው መርፌ ይውጋ? ባያስፈልገውስ? ልቡን ቢያስቆመውስ? ማን ይጠየቃል? ክኒኑን ሰጥቶ አምቡላንስ መጥራት አይሻልም ወይ?


ሲስተር_ድንገተኛ፦

ፍርሃቱ ይገባኛል። እኛ ጋር ጀማሪ ሐኪምም ይፈራዋል።

በጡንቻ የሚሰጠው መጠን ትንሽ ነው። የተወጋ ሰው ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ ራሱን ያመዋል። ይሄ በአጭር ጊዜ ያልፋል። ሳያስፈልገው ለተወጋ ሰው የሚደርስበት ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። አስፈልጎት ሳይወጋ የቀረ ግን ሊሞት ይችላል። የልብ ሕመም ያለበትም ቢሆን አናፊላክሲስ ከያዘው መድኃኒቱ ያው አድሬናሊን ነው። አደጋው ያለው በደም ሥር ሲሰጥና መጠኑ ሲሳሳት ነው። ብዕሩ የተሠራውም ይሄ ስህተት እንዳይመጣ ነው። ተጠንቀቁ የምለው አንድ ነገር አለ፦ አውራ ጣታችሁን ጫፉ ላይ አታድርጉ። ገልብጠው ይዘው የራሳቸውን ጣት የወጉ ብዙ ናቸው።

ለአለርጂ ሰው የታዘዘለትን የራሱን መድኃኒት ባልደረባው ይስጠው ወይ፣ ድርጅትስ ለሁሉም የሚሆን ብዕር በሳጥን ያስቀምጥ ወይ የሚለው እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። እሱን ከሠራተኛ ሐኪማችሁና ከሕግ ክፍላችሁ ጋር አሁኑኑ ጨርሱት፤ ሰው ወድቆ አይመከርበትም። ብዕሩ በማይገኝበት ቦታ ሐኪም በትንሽ ብልቃጥ ያለ አድሬናሊንና ሲሪንጅ አዝዞ፣ አለካኩንና አወጋጉን አስተምሮ የሚሰጥበት መንገድም አለ። አሁን ደግሞ በአፍንጫ የሚረጭም መጥቷል፤ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ፈቅዶታል። መርፌ የሚያስፈራው ሠራተኛ ካላችሁ ሐኪሙን ስለዚህ ጠይቁት።


ምሰሶ_ላይ፦

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፣ ተርብ አለርጂ አለብኝ። ፎርማን፣ ስለ ባልደረባህ ያልተነሳ ነገር ላንሳ።

አብዛኞቻችን አንናገርም። ምክንያቱ እፍረት ብቻ አይደለም። "መጋዘን ይግባ" የሚለውን ነው የምንፈራው። ከውጪ ሥራ ስትወጣ አበል ይቀራል፣ የተጨማሪ ሰዓት ክፍያ ይቀራል፣ ሙያህም ይረሳል። ስለዚህ ሰው ብዕሩን ቦርሳ ሥር ቀብሮ ዝም ይላል። ቦርሳው መኪና ውስጥ ነው። እሱ ደግሞ ምሰሶ ላይ ነው። ቆጣሪ ሳጥን ስትከፍት ጎጆው ፊትህ ነው! መሰላል ላይ ሆነህ ስትነደፍ መጀመሪያ የሚጥልህ ድንጋጤው ነው፣ ቀጥሎ ግፊትህ ይወርዳል።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ሁለቱንም ብዕሮች ወገቤ ላይ በዚፕ ቦርሳ እይዛለሁ። አብሮኝ ለሚሠራው ሁሉ ጠዋት መሣሪያ ስናወጣ አሳየዋለሁ። መርፌ የሌለው የልምምድ ብዕር አለኝ፣ ሰጥቼው በገዛ ጭኑ ላይ አስሞክረዋለሁ። መጀመሪያ ሁሉም ቀስ ብሎ ነው የሚነካው። እኔም "ጠበቅ አድርገህ ግፋ፣ ቀጭ ሲል ትሰማለህ" እለዋለሁ። አንዴ ቀጭ ካለለት ፍርሃቱ ይለቀዋል። ለምን ይሄን ያህል እደክማለሁ? ግፊቴ ሲወርድ እጄ አይታዘዘኝም። ብዕር ያለው ሁሉ ራሱን መውጋት ይችላል ብላችሁ አታስቡ። መድኃኒቱ እኔ ኪስ ውስጥ ነው፣ የሚያድነኝ ግን የሌላ ሰው እጅ ነው።

የእጅ አንባርም አለኝ፣ አለርጂዬ ተጽፎበታል። አለቃዬን "ምን እንዳለብኝ እወቅ፣ ሥራዬን ግን አትውሰድብኝ" ብዬ ነው ያነጋገርኩት። ብቻዬን እንደማልሰማራ ተስማማን። ሌላው ሥራዬ አልተነካም።


ሥራ_አስኪያጁ፦

ምሰሶ ላይ፣ አመሰግንሃለሁ። ይሄን ከኛ ሠራተኞች አንዱም ነግሮኝ አያውቅም። ለምን እንደማይነግሩኝ አሁን ገባኝ።


አዲስ_ገቢ፦

ይቅርታ፣ ጥያቄ ነበረኝ። እኔ ንብ እጄን ስትነድፈኝ እስከ ክርኔ ድረስ ያብጣል፣ ለቀናት ይቆያል። እኔም አለርጂ አለብኝ ማለት ነው? ብዕር ልግዛ?


ሲስተር_ድንገተኛ፦

እህቴ፣ የኔም ታካሚዎች ይሄን ነው አብዝተው የሚጠይቁኝ። እብጠቱ ከ10 ሴንቲሜትር አልፎ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ሰፊ የአካባቢ እብጠት እንለዋለን። በአንደኛው ወይም በሁለተኛው ቀን ይብስበታል፣ ከዚያ ይቀንሳል። አለርጂ ነው፣ ግን እዚያው የተነደፈው ቦታ ላይ የቀረ ነው። ወደፊት መላ ሰውነትሽን የሚይዝ ከባድ ነገር የመምጣቱ ዕድል ከ5 እስከ 10 በመቶ ገደማ ነው። በረዶና የአለርጂ ክኒን ለዚህ ነው የሚሆነው። ብዕር ይኑርሽ አይኑርሽ ሐኪም አይቶሽ ይወስን፤ በተለይ ሥራሽ ደጋግሞ የሚያስነድፍ ከሆነ።

ከተነደፍሽበት ቦታ ርቆ ሽፍታ ከወጣ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ካዞረሽ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። አፍ ውስጥ ወይም ጉሮሮ ላይ መነደፍም እንዲሁ፤ አለርጂ ባይኖርም እብጠቱ ብቻውን አየር ሊዘጋ ይችላል። ብዙ ንብ ባንዴ የነደፈው ሰውም አለርጂ ባይኖርበትም መርዙ ራሱ ይጎዳዋል፣ ሆስፒታል ይሂድ።


የሳይት_ደህንነት፦

ሥራዬ የሙያ ደህንነት ነው። "በኛ ቡድን አለርጂ ያለበት የለም" የሚለው አባባል ያሳስበኛል። በንድፊያ ከሞቱት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ከዚያ በፊት ከባድ ምልክት ታይቶባቸው አያውቅም። በአሜሪካ ብቻ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2021 በንብና በተርብ ዓይነቶች ተነድፈው 788 ሰዎች ሞተዋል፤ በዓመት በአማካይ 72 ማለት ነው። ከነዚህ 84 በመቶው ወንዶች ናቸው። ስለዚህ ዕቅዱ ለአንድ የታወቀ ሰው ብቻ አይሁን።

ፎርማን፣ ለናንተ ዓይነት ቡድን ዋናው ክፍተት ብዙ ጊዜ አድራሻ ነው። "ከትልቁ ዛፍ አጠገብ ነን" ተብሎ አምቡላንስ አይመጣም። ጠዋት ሥራ ስትጀምሩ ያላችሁበትን ቦታ ስልካችሁ ላይ አውጡና ለሁሉም ላኩ። ኔትወርክ የት እንደሚይዝም እዩ። መግቢያው በር ላይ ወጥቶ አምቡላንሱን የሚቀበል ሰው ከወዲሁ ይታወቅ።

መድኃኒቱን ሙቀት ይገድለዋል። በ20 እና 25 ዲግሪ መካከል ነው የሚቀመጠው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ውስጥ የዋለ ብዕር አትመኑት። ፍሪጅ ውስጥም አይገባም። ብዕሩ ላይ ያለችውን መስኮት ተመልከቱ፦ ፈሳሹ ከደፈረሰ ወይም ቡናማ ከሆነ ይቀየር። የሚያበቃበትን ቀን ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉ።

ሾፌሮቻችሁንም አትርሱ። መኪና ውስጥ ተርብ ገብታ መሪ የሚለቅ ሰው አለ። ቀስ ብሎ ዳር ይያዝ፣ ይቁም፣ በሩን ይክፈት። የተከፈተ የለስላሳ ቆርቆሮ ውስጥ ተርብ ትገባለች፤ ክዳን ያለው ጠርሙስ ተጠቀሙ።


ክትባቱን_ጨረስኩ፦

ማንም በዝርዝር ያልነካው ነገር አለ። ይሄ በሽታ ሕክምና አለው። የነደፋችሁን ነፍሳት መርዝ በጣም በትንሹ ጀምረው፣ እያሳደጉ ይወጓችኋል። ቆይቶ በየወሩ፣ ከዚያ ራቅ ራቅ እያለ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል። ለተርብ መርዝ ከ90 በመቶ በላይ ይሠራል፤ ለንብ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ግን እሱም ጥሩ ነው። ከባድ ምልክት የታየበት ዐዋቂ ሕክምናውን ካልወሰደ በድጋሚ ሲነደፍ ከ30 እስከ 60 በመቶ የመደገም ዕድል አለው። ልዩነቱን እዩት!

እኔ ጨርሼዋለሁ። ጣራ ሠራተኛ ነኝ፣ አሁንም ጣራ ላይ ነኝ። ከሕክምናው በኋላ ተርብ ነድፎኛል። ቦታው ቀልቶ ትንሽ አበጠ፣ በቃ። ልጄ አጠገቤ ነበር፤ ከኔ ይልቅ እሷ ናት ያለቀሰችው። ባልደረባህን ወደ መጋዘን ከመላካችሁ በፊት ወደ አለርጂ ሐኪም ላኩት። መርዙን የሚለየው የቆዳና የደም ምርመራ ነው። ወዲያው ከሆነ ምርመራው ሊያሳስት ስለሚችል ከተነደፈ 4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ቢደረግ ይመረጣል።


አረንጓዴ_ፎርማን፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከኃላፊዎቹ ጋር ዛሬ ቁጭ ብለን ይሄን ውይይት አብረን አነበብነው። ባልደረባችን መጋዘን አይገባም። ሐኪሙ ሁለት ብዕር አዝዞለታል፣ የአለርጂ ክሊኒክ ቀጠሮም ተይዞለታል። ሰኞ ጠዋት ማሽን ሳናስነሳ ሁላችንም በልምምድ ብዕር እንሞክራለን። እሱ ራሱ ነው የሚያሳየን፤ ስጠይቀው ደስ አለው። ጎጆ የሚቃኝ ሰው በየሳይቱ መድበናል። እስኪታከም ድረስ ብቻውን አይሰማራም።

ሁለት ነገር ቀረኝ። የደም ግፊት ክኒን ይወስዳል፣ ይሄ ችግር አለው? ደግሞስ ከተወጋ በኋላ ሙሉ በሙሉ ከተሻለው ሆስፒታል መሄዱ የግድ ነው?


ሲስተር_ድንገተኛ፦

የክኒኑን ስም ለአለርጂ ሐኪሙ ይንገረው። ቤታ ብሎከር የሚባለው ዓይነት ከሆነ አድሬናሊኑ የሚገባውን ያህል ላይሠራለት ይችላል፤ ይሄንን አምቡላንስ ላይ ያሉትም ማወቅ አለባቸው። አንባሩ ላይ ወይም ኪሱ ውስጥ ባለ ወረቀት ይጻፍ። በራሱ ግን እንዳያቆመው፣ ድንገት ማቆሙም ለልቡ ጥሩ አይደለም።

ሆስፒታሉ የግድ ነው። ምልክቱ ጠፍቶ ከሰዓታት በኋላ፣ ያለ አዲስ ንድፊያ፣ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ለጥቂት ሰዓታት አስተኝተን የምናየው ለዚያ ነው። የመጀመሪያው ከባድ ከነበረ ወይም ሁለት ብዕር ካስፈለገው ረዘም ይላል። ሲሄድ የተጠቀማችሁበትን ብዕርና የወጋችሁበትን ሰዓት ላኩልን። ሰዓቱን በእስክሪብቶ እጁ ላይ ብትጽፉት ይበቃል።